ጃንሆይና ሊቀመንበር በአንድ ቀንበር

ረቡዕ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ደብረ ታቦር

ከደብረ ታቦር የተነሣሁት የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተቀምጬ ነው። የጭነት መኪናው ጋቢና ለእኔ ተይዞልኝ ነበር፤ ሾፌሩ ግን አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት አስገብቶበት ስለ ቆየኝ አብዮታዊ ጨዋነት አሳየሁ። ጨዋነቴ እስከ ጋሳይ ድረስ ዘለቀ። ከዚያ ወዲያ የጉና ብርድ አጥንቴ ውስጥ ሲገባ ሾፌሩንም፣ ጋቢናውንም፣ አብዮቱንም በየተራ ረገምኋቸው፤ በሆዴ ነው እንጂ በአፌ አይደለም።

ወሩ ሰኔ፣ ዘመኑ ዘመነ ደርግ ነው። እኔ አዲስ አበባ የጋዜጣ ሪፖርተር ነኝ። አለቃዬ ለአብዮት በዓል እትም ጽሑፍ አምጣ ብሎ ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ልኮኛል። «ጭቁኑን ገበሬ ጠይቅ» አለኝ፤ «ጃንሆይ ምን ነበሩ? ጓድ ሊቀመንበር ምንድን ናቸው? ሁለቱን አነጻጽር። መልሱ እንደሁ ይታወቃል።» መልሱ ከታወቀ እኔ ማዳበሪያ ላይ የምቀመጠው ለምንድን ነው? ይህን አልጠየቅሁም። ደመወዜን እወዳታለሁ።

ክምር ድንጋይ ላይ ጎማ ተነፈሰ። ሾፌሩ ጋሼ ዳምጤ ክሪኩን እየገፋ ስለ ጉዳዬ ጠየቀኝና ነገርሁት። ተንበርክኮ እንዳለ ቀና ብሎ መንገዱን አሳየኝ።

«ይኸን ታያለህ? ጃንሆይ ተዋዋሉበት፣ ቻይና ተራራ ቆረጠበት፣ የዛሬዎቹ ጥብጣብ ቆረጡበት። ጎማው የሚፈነዳው የኔ ነው።»

«ታዲያ ከሁሉም ማን ይበልጣል?»

«ቻይና» አለና ወደ ብሎኑ ተመለሰ።

ጻፍሁት፤ ከዚያ ቀደድሁት።

ረቡዕ፣ ከቀትር በኋላ፣ ንፋስ መውጫ

ይህን ከተማ ንፋስ መውጫ ብሎ የሰየመው ሰው ቀልድ አያውቅም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ንፋሱ ከገደሉ አፋፍ ተነሥቶ ቆርቆሮውን ያንኳኳል፣ የሴቶቹን ነጠላ ይገልባል፣ የቀበሌውን መፈክር ከሁለት ይከፍላል። እኔ ስደርስ «ኢምፔሪያሊዝም» የሚለው ግማሽ ወደ ገበያው በርሮ አንዲት አህያ ጭነት ላይ አርፎ ነበር።

ያደርሁት ወይዘሮ የሺ የሚባሉ ባልቴት ቤት ነው። የገብስ ጠላቸው ወፍራም ነው፤ በጣሳ ስሙኒ። ግድግዳው ላይ የሊቀመንበሩ ፎቶ በትልቅ ባለወርቅ ቀለም ፍሬም ተሰቅሏል። ፎቶው ትንሽ፣ ፍሬሙ ሰፊ። ለምን እንደማይገጥም ብጠይቃቸው በሩን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ፍሬሙ የጃንሆይ ነበር፣ ልጄ። ፍሬም ውድ ነው፤ ሰው ነው የሚቀያየረው።»

«የጃንሆይን ፎቶስ የት አደረጉት?»

«የት አደርገዋለሁ? ከኋላ አለ። ካርቶን ሆኖ ደግፎ ይዞታል።»

ከዚያ ወዲያ ብዙ ምሁራን ሁለቱን መሪዎች ሲያነጻጽሩ ሰምቻለሁ። የወይዘሮ የሺን ያህል ባጭሩ የጨረሰው የለም።

ማምሻውን አስጎብኚዬ መጣ። ጓድ ብናልፈው ይባላል፤ የወረዳው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ካኪ ለብሷል፤ ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ተሰክቷል። ከአብዮቱ በፊት ዲያቆን ነበር አሉ፤ ያስታውቅበታል። «ያለ ምንም ደም» ብሎ ሲጀምር እንኳ ቅዳሴ የገባ ይመስላል። እጄን ጨብጦ «አንተ ትጽፋለህ፣ እኔ ሪፖርት አደርጋለሁ» አለኝ። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ወዳጅነት ያስፈራል፤ ፈራሁት።

ዓርብ፣ አርብ ገበያ

ከንፋስ መውጫ በበቅሎ ወርደን፣ አንድ ሌሊት መንገድ ላይ አድረን ታች ጋይንት ገባን። በቅሎዋ ከእኔ ይልቅ ብናልፈውን ታከብራለች፤ እሱ ሲወጣባት ትቆማለች፣ እኔ ስወጣባት ትዞራለች።

ገበያው ሞልቷል። ገብስ፣ ሽንብራ፣ ቃሪያ፣ የሸክላ ጋን፣ ተስፋ የቆረጡ ዶሮዎች። ደብተሬን አውጥቼ ጥያቄዬን ያዝሁ። ብናልፈው አጠገቤ ቆሞ ሦስቱን እስክሪብቶዎች ስለሚያሳይ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጠኛል። «ያኔ ጨለማ ነበር፤ አሁን ብርሃን ነው።» አሥራ አንድ ሰው ጨለማና ብርሃን አለኝ። አሥራ ሁለተኛዋ ጌሾ ሻጭ ነበሩ፤ «ጨለማና...» ብለው ጀመሩና ሣቅ አፈናቸው።

«ምን ያሥቅዎታል፣ እናቴ?» አላቸው ብናልፈው።

«ወደ ስማዳ አይዶል የምትሄዱ? ወገዳ አጠገብ ሊቀመንበር ታስሯል አሉ፤ በሬው! ሳምንት ሙሉ ከገበሬ ማኅበሩ ግቢ ታስሮ የሰው ገለባ ይበላል።»

ነገሩን ከእሳቸውና ከጎናቸው ካሉት አጣርተን ሰማን። ስመኝ የሚባል ገበሬ በሬውን «ሊቀመንበር» ብሎ ሰይሟል። ሊቀመንበርማ በየገበሬ ማኅበሩ ሞልቷል፤ ይህ በሬ ግን የተሰየመው በትልቁ፣ በአዲስ አበባው ነው። የስመኝ ጎረቤት ካሳው ደግሞ «ጃንሆይ» የሚባል በሬ አለው። ሁለቱ መቀናጆ ናቸው፤ ማለትም እያንዳንዳቸው አንዳንድ በሬ ብቻ ስላላቸው በሬዎቻቸውን አቀናጅተው ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። ከስመኝ ጋር በድንበር የተጣላ ሰው «የአብዮቱን መሪ በጅራፍ ይገርፋል፤ ከአድኃሪ ንጉሥ ጋርም ጠምዶታል» ብሎ ከሰሰው። ሸንጎው እሑድ ይሰየማል።

ብናልፈው አልሣቀም። በቅሎው ላይ ሲወጣ «ይህ ከቀበሌ በላይ ነው። ሪፖርት ይደረጋል» አለ። እንዲህ ያለ ሪፖርት «ፀረ አብዮት» የምትል ቃል ከያዘች ምን እንደምታመጣ ያኔ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ሰውየው ደብረ ታቦር ወህኒ ይወርዳል። በሰኔ የታሰረ ገበሬ ደግሞ ብቻውን አይታሰርም፤ ማሳውም ጾሙን ያድራል፣ ቤተ ሰቡም ክረምቱን የሰው እጅ ያያል።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወገዳ አቅራቢያ

ሸንጎው አንድ ትልቅ ወይራ ሥር ተቀምጧል። ሦስት ዳኞች፣ ሦስቱም ገበሬዎች። ሰብሳቢው ዳኛ ፈንቴ እግራቸው ላይ የትናንት ጭቃ ደርቋል። እኛን ሲያዩ ከድንጋያቸው ሊነሡ ሲሉ ብናልፈው በእጁ አስቀመጣቸው፤ ያኔ የባሰ ፈሩ። ተከሳሹ በሬ ከኋላ ግንድ ላይ ታስሯል። ጥቁር፣ ደንዳና፣ ቀንደ ሹል ነው። ሰው ሲያየው መልሶ ያያል።

መጀመሪያ የጃንሆይ ባለቤት አያ ካሳው ተነሡ። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ዘንጋቸውን ተደግፈው ሲናገሩ ችሎት የለመዱ ሰው ናቸው።

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ ይባል ነበር» አሉ። «እኔ ግን በርስቴ ተበድዬ ልከስ አዲስ አበባ ወረድሁ። ሦስት ዓመት። መኪናቸው ባለፈ ቁጥር መንገድ ዳር ተንበርክኬ "ጃንሆይ! ጃንሆይ!" እላለሁ። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ። አንድ ቀን ዘወር ብለው አላዩኝም። ስንቄ አለቀ፤ ተመለስሁ። ይኸን ወይፈን ስገዛ ጃንሆይ አልሁት። አሁን አንድ ጊዜ ስጠራው ዞሮ ያየኛል። አንድ ጊዜ!»

ሰዉ ሣቀ። ዳኛ ፈንቴም ሊሥቁ ጀምረው የብናልፈውን ፊት አይተው አሳሉ።

ቀጥሎ ስመኝ ተነሣ። አርባዎቹ ውስጥ ነው፤ ትከሻ ሰፊ፣ አፈ ቁጥብ።

«ለምን ሊቀመንበር አልኸው?» አሉት ዳኛ ፈንቴ።

«መሬት ሲሰጠኝ ነው። ስወዳቸው ሰየምሁት።»

«ከወደድሃቸው ለምን ትገርፈዋለህ?»

«በሬ ነዋ!» አለና ተቀመጠ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ተተበተበ። አንዱ ዳኛ የሊቀመንበር ስም ይቀየር አሉ። ብናልፈው ወዲያው «ሊቀመንበርን ለማውረድ ሥልጣን ያለው ሸንጎ ይህ ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ዳኛው ሐሳባቸውን እንደ ትኩስ ድንች ጣሉት። ሁለተኛው ዳኛ እንግዲያው የጃንሆይ ይቀየር፣ እሳቸው እንደሁ በአዋጅ ወርደዋል አሉ። አያ ካሳው «ገና አሁን መስማት ቢጀምርልኝ!» ብለው ዘንጋቸውን መሬት መቱ። የቀረው ሁለቱን መለያየት ነው። ግን አንድ በሬ ስቦ የት ይደርሳል? ሰኔ ግም ብሏል፤ በዚህ ሰሞን ደግሞ ማንም ዘንድ ጥንድ የሚፈልግ ትርፍ በሬ የለም። ሁለቱ ከተለያዩ ሁለት ቤት ዘንድሮ አይዘራም።

ዳኛ ፈንቴ ላባቸውን ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«እርስዎ ከላይ የመጡ ነዎት። እስቲ ምን ይባላል?»

እኔ ከላይ የመጣሁት በማዳበሪያ ላይ ነው። ቢሆንም ሁሉም ሲያየኝ ልቤ አበጠ። ተነሣሁና ጉሮሮዬን ጠራርጌ ተናገርሁ። ጓድ ሊቀመንበር ለሰፊው ሕዝብ ቢያርሱ ክብር እንጂ ውርደት አይደለም። ንጉሡም ከዙፋን ወርደው ሥራ መጀመራቸው የአብዮቱ ፍሬ ነው። ስለዚህ አብረው ይጠመዱ። ነገር ግን ጅራፍ ንጉሡ ላይ ብቻ ይረፍ፤ ሊቀመንበር እንዳይነኩ።

ጭብጨባ ሆነ። ብናልፈው ራሱን ነቀነቀና ጻፈ። «ነገ በተግባር እናየዋለን» አለ። ሸንጎው በዚሁ ፈረደ፤ ውሳኔው የተጣሰ እንደሆነ ስመኝ በእኛው ፊት ታስሮ እንዲሄድ ተጨመረበት። እኔ ሰሎሞንን ሆኜ ቁጭ አልሁ። አያ ካሳው ብቻ ጠጋ ብለው፦

«ልጄ፣ አርሰህ ታውቃለህ?»

«ኧረ አላውቅም።»

«ያስታውቅብሃል» አሉኝ።

ሰኞ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ የስመኝ ማሳ

ሌሊቱን ዘንቦ አፈሩ ለስልሷል። የገብስ ዘሩ በቁና ተሰፍሮ ዳር ላይ ተቀምጧል። ከጉና በኩል ደግሞ ሌላ ደመና እየጠቆረ ነው፤ ከደረሰ ማሳው ጭቃ ሆኖ ሳምንት አያስገባም። ሰዉ በሙሉ ወጥቶ ዳር ዳሩን ቆሟል። ገበሬ በሰኔ ሥራ ፈትቶ የሰው እርሻ ሊያይ ሲወጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጃንሆይ ከቀኝ፣ ሊቀመንበር ከግራ ተጠመዱ። ሲለማመዱም እንዲሁ ነበር፤ እኔ አልጨመርሁበትም። ጃንሆይ ዳልቻ ነው፣ ረጋ ያለ፣ ግብር አዳራሽ የሚገባ ይመስል እግሩን እየመረጠ የሚያነሣ። ስመኝ እርፉን ያዘና «ና በሬ!» አለ።

ጃንሆይ ተራመደ። ሊቀመንበር ቆመ። ስመኝ ጅራፉን ጃንሆይ ላይ አሳረፈ፤ ጃንሆይ በረታ፤ ሊቀመንበር ባለመንቀሳቀሱ ቀንበሩ ዞሮ ጃንሆይን አነቀው። ሌላ ጅራፍ፤ ጃንሆይ ሊቀመንበርን እየዞረ ክብ ሠራ። ሦስተኛው ላይ ሊቀመንበር ጉልበቱን አጠፈና ትልሙ መሐል ተኛ። ሳምንት ሙሉ ያለ ሥራ ሲቀለብ ለግሟል፤ የማይመታ መሆኑን ደግሞ በሦስት ጅራፍ ተረድቷል።

«ተነሥ!» አለ ስመኝ።

«ለስሙ ክብር ይሰጠው» አለ ብናልፈው ከዳር።

ስመኝ እርፉን ለቀቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ያን ሰፊ ትከሻውን አጥፎ፣ «ይነሡ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለው። ሰዉ ከንፈሩን ነከሰ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ሣር አመጡለት፤ ተኝቶ በላው። ጆሮውን አሹለት፤ ዓይኑን ጨፈነ። አያ ካሳው የጃንሆይን የተላጠ ጫንቃ በእጃቸው እየደባበሱ «አየህ ፍርድህን?» ብለው አዩኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያ ሁሉ ጭብጨባ የተጨበጨበለት ብልሃቴ ሁለት ቤት ዘር ሊያሳጣ ነው፤ ደመናው ደግሞ የጉናን ጫፍ ለቅቋል።

ስመኝ የተኛውን በሬ አየ፣ ዘሩን አየ፣ ብናልፈውን አየ። ቢመታው ታስሮ ይሄዳል። ባይመታው አይዘራም።

ያኔ ዳኛ ፈንቴ ሰዉን ከፍለው ወደ ፊት መጡ። ወደ ተራራው እጃቸውን ዘረጉ።

«ጓዶች! ያች ደመና በረዶ የቋጠረች መሰለችኝ። የኔ ዓይን ደክሟል። እስቲ ሁላችሁም ዞራችሁ ደህና አድርጋችሁ እዩልኝ። እኔ በቃ እስክል አትመለሱ።»

ሰዉ አንድ ላይ ዞረ። ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ሁለቱ ዳኞች፣ ከሳሹ ራሱ፤ ከሳሹም ለካ ያልተዘራ ማሳ ማየት አልቻለም። እኔም ዞርሁ። ያልዞረው ብናልፈው ብቻ ነው። እስክሪብቶው ከኪሱ ሲወጣ የምሰማ መሰለኝ። ቆየ። ከዚያ ጫማው ጭቃው ላይ ሲዞር ሰማሁ፤ ትከሻው ትከሻዬን ነካ። እሱም ወደ ጉና እያየ ነው።

ከኋላችን ጅራፍ ጮኸ። ደግሞ ጮኸ። ሰው በሬ ሲገርፍ ይሳደባል፣ ይጮኻል፣ ያባብላል፤ ስመኝ ግን አንድ ቃል አልወጣውም። የመጨረሻዎቹ ምቶች በሬ ለማስነሣት የሚመቱ ዓይነት አልነበሩም። ስሰማቸው አዘንሁ፤ ለማን እንዳዘንሁ ያኔ አላወቅሁም።

«በቃ!» አሉ ዳኛ ፈንቴ። «በረዶ አይዶለም። ዝናብ ነው።»

ስንዞር ሁለቱ በሬዎች ትልሙ ጫፍ ደርሰው ሊመለሱ ነበር። ጃንሆይና ሊቀመንበር፣ አንገት ለአንገት፣ አፈሩን እየገለበጡ። አንድም ሰው ምንም አላየም።

ዝናቡ ሳይደርስ ግማሹ ማሳ ተዘራ። ስመኝ ከዛፍ ሥር አብሮኝ ተቀምጦ ከቆሎው ዘገነልኝ። ብናልፈው ራቅ ብሎ በቅሎውን ይጭናል።

«ጋዜጠኛ ነህ አይዶል? ከሁለቱ ማን ይሻላል ብለህ ትጠይቃለህ አሉ።»

«ነበር» አልሁት።

«አያ ካሳው ሦስት ዓመት ጠርቶ የሚሰማው አጣ። ትልቁ ሊቀመንበር ደግሞ ሳልጠራው ቤቴ መጣ። መሬቱን ሰጠኝ፤ ምስጋና ይግባው፣ አልክድም። ከዚያ ተመልሶ መጣና ለዚያ መሬት ያልሁትን ልጄን ለጦር ሜዳ ወሰደው። አሥመራ ነው አሉ። ሞተ የሚለኝ የለ፣ አለ የሚለኝ የለ።» ቆሎውን ከእጁ ላይ አራገፈ። «ስወዳቸው ሰየምሁት ያልሁት እውነቴን ነው።»

እጁን ያዝሁት፤ ሸካራና እርጥብ ነበር።

ረቡዕ፣ ረፋድ፣ እስቴ

ሁለት ቀን ዝናብ እየወቃን ወንዝ ተሻግረን፣ ዳገት ወጥተን የእስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስ ገባን። ሁለት ቀን ሙሉ ብናልፈው ከበቅሎው ጋር እንጂ ከእኔ ጋር አልተነጋገረም። አንድ ጠባብ ምግብ ቤት ገብተን ሽሮ አዘዝን። ወደ ደብረ ታቦር የሚመልሰኝ መኪና ውጭ ሞተሩን ያሞቃል። ብናልፈው ሪፖርቱን ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እጄን ስዘረጋ አልከለከለኝም።

«በስማዳ የተነሣው ጉዳይ በሸንጎ ታይቶ እልባት አግኝቷል። ሁለቱም በሬዎች በምርት ዘመቻው ተሰማርተው በመልካም ሁኔታ በማረስ ላይ ይገኛሉ።» ከዚህ በታች ፊርማና ማኅተም። ሌላ ቃል የለም።

ላመሰግነው ፈለግሁ፤ ግን በዚያ ዘመን ካድሬን ለምን እንደምታመሰግነው ማወቅ ይከብዳል። ሽሮዬን በላሁ።

«ስንት ጊዜ መታው?» አለኝ ድንገት።

«ማን?»

«ስመኝ። ደመና ስናይ።»

«አልቆጠርሁም።»

«ሰባት ነው።» ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። የዲያቆን ድምፁ ጠፍቶ ነበር፤ የማንም ሰው ድምፅ ነበር የቀረው። «ታናሽ ወንድሜ ጦር ሜዳ ከሄደ ሁለት ክረምት ሆነው። ዝርዝሩ ላይ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ኮታ ጎደለ ተብዬ። እናቴ ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም።»

ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ። ብናልፈው ቆመ፣ ካኪውን አስተካከለ፣ እጄን ጨበጠኝ።

«ስምንተኛውን ለወንድሜ ብዬ ስጠብቅ ስመኝ ተወው» አለኝ።